በሰመመን መግቢያ ላይ የደም ግፊት የሚያወርዱብን ስህተቶች

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳርና አካባቢዋ ባሉ ሆስፒታሎች ለሚሠሩ ወጣት የሰመመን ባለሙያዎችና ለተማሪዎች ነው። የምለው ነገር አንድ ነው። ታካሚ ስናስተኛ ግፊቱ ክፉኛ የሚወርደው ብዙ ጊዜ አንዱን መድኃኒት ስላበዛን አይደለም። እያንዳንዱን በልኩ ሰጥተን፣ ሁሉም ባንድ ላይ ሲሠሩ ነው። ቻርቱን ስናየው አንድም የተሳሳተ ቁጥር የለበትም፤ ታካሚው ግን 70 በ40 ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት፦ መጠንን ለየብቻ ማስላት

ለጤነኛ ጎልማሳ የማስተኛው መድኃኒት የፕሮፖፎል መጠን ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊግራም በኪሎ ነው ብለን ተምረናል። ትክክል ነው። ግን ይህ መጠን ፕሮፖፎል ብቻውን ሲሰጥ ነው፤ እኛ ደግሞ ብቻውን የምንሰጥበት ቀን ጥቂት ነው። ታካሚው ሲገባ ጭንቀት የሚያስታግሱትን ሚዳዞላም ወይም ዳያዜፓም ወስዷል። ጠረጴዛው ላይ ሲተኛ ኃይለኛው የሕመም ማስታገሻ ፈንታኒል ይከተላል። ሚዳዞላምና ፕሮፖፎል ሲገናኙ የማስተኛት ኃይላቸው ከድምራቸው ይበልጣል። የአንዱ ግማሽና የሌላው ግማሽ ተደምሮ አንድ ሙሉ ብቻ አይሆንም። ፈንታኒል ሲጨመርበት የሚያስፈልገው ፕሮፖፎል ይበልጥ ይቀንሳል።

ግፊቱ ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት። ፕሮፖፎል የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል። ከዚህ የሚከፋው ሌላ ነገር አለ። ግፊት ሲወርድ ልብ ምቱን ጨምሮ የሚያካክስበትን የሰውነት ምላሽም ያደክመዋል። ለዚህ ነው ግፊቱ ወርዶ ምቱ 62 ላይ ዝም ብሎ የምናየው። ፈንታኒል ግፊትንና ምትን የሚያነሣሣውን የሲምፓቴቲክ ነርቭ ያበርዳል፣ ምቱንም ያዘገየዋል። ሚዳዞላም ጭንቀቱን ያጠፋል፤ ደም ጎድሎበት የመጣ ሰው ላይ ግፊቱን ይዞት የነበረው ያ ጭንቀት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ፕሮፖፎሉን ከመስጠታችን በፊት እስካሁን ምን እንደገባ እንቁጠር። ሚዳዞላምና ፈንታኒል የወሰደ ጎልማሳ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊግራም በኪሎ ይበቃዋል። ለአረጋዊ ከዚያም ያንሳል። ጥቂት ሰጥቶ ማነጋገር፣ የዓይን ሽፋሽፍቱን ነካ አድርጎ ማየት፣ ካስፈለገ መጨመር። እዚህ ላይ ሲሪንጁን ባንድ ትንፋሽ የሚጨርስ ሰው ሳይ በጣም ይከፋኛል።

መቸኮል

ፈንታኒል ከፍተኛ ውጤቱ ላይ ለመድረስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። ሚዳዞላምም ደቂቃዎች ይወስዳል። ፕሮፖፎል ግን በግማሽ ደቂቃ አካባቢ ያስተኛል። ሦስቱን አከታትለን ከሰጠን ዓይኑ የተከደነው በፕሮፖፎሉ ነው፤ የሌሎቹ ጉልበት የሚመጣው በኋላ፣ እኛ የመተንፈሻ ቱቦውን በፕላስተር ስናስር ነው። ፕሮፖፎሉ ራሱ ግፊትን ዝቅተኛው ቦታ ላይ የሚያደርሰው ታካሚው ከተኛ በኋላ ነው፤ በዕድሜ በገፉት ላይ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል፣ ሲመጣም ይከብዳል።

ልቡ የደከመ ወይም ደም የፈሰሰው ሰው ላይ መድኃኒቱ ከክንድ ተነሥቶ አንጎል ለመድረስ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ሐኪሙ ታጥቦ ቆሟል። «አልተኛም እንዴ?» ይላል። እኛም አፍረን እንጨምራለን። ከደቂቃ በኋላ የፊተኛውም የኋለኛውም ባንድ ላይ ይደርሳሉ። መልሱ «አንድ ደቂቃ ስጡኝ» ነው፤ ይህን ለማለት ማንም ማፈር የለበትም።

«ኬታሚን ግፊት አያወርድም» ብሎ መተማመን

ሌላው የማስተኛ መድኃኒት ኬታሚን በእኛ ሁኔታ ባለውለታችን ነው። በገጠር ስንት ሕይወት እንዳተረፈ የምናውቅ እናውቃለን። ከፕሮፖፎል ጋር ሲሰጥም፣ ሁለቱም መጠናቸው ተቀንሶ፣ ግፊቱ ፕሮፖፎል ብቻውን ከተሰጠበት ይልቅ የተረጋጋ ይሆናል። ይህ እውነት ነው። ችግሩ «ማንኛውም ታካሚ ላይ ይሠራል» ብሎ ማሰብ ነው።

ኬታሚን ግፊት የሚጨምረው የሰውነትን የራሱን አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ቀስቅሶ ነው። በቀጥታ ልብ ላይ ያለው ጠባይ ግን የማድከም ነው። የተጠማዘዘ አንጀት ይዞት ሦስት ቀን ሲያስታውክ ቆይቶ ከደራ ወይም ከአቸፈር የመጣ አርሶ አደር አስቡ። ሰውነቱ ያለውን ሁሉ ቀስቅሶ ጨርሷል። እዚያ ላይ ሙሉ 2 ሚሊግራም በኪሎ ስንሰጥ የሚታየን የሚያደክመው ጎኑ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ከዚያ ግማሽ ወይም ከግማሽ ያነሰ መጠን።

ሌላም አለ። ኬታሚን ቅዠት እንዳያመጣ ብለን ዳያዜፓም ወይም ሚዳዞላም እናስቀድማለን። ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን ያው መድኃኒት ኬታሚን ግፊትን የሚደግፍበትን ጉልበትም ይቀንሰዋል። ደካማ ታካሚ ላይ «ኬታሚን ሰጥቼዋለሁ» ብለን ስንተማመን፣ የተማመንበትን ነገር አስቀድመን በራሳችን እጅ አለዝበነዋል። በሪህ ትኩሳት የተጎዳ፣ የማይትራል ቫልቩ (ደም የሚያልፍበት የልብ በር) የጠበበ ልብ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። እዚያ ላይ ኬታሚን ምቱን ሲያፈጥነው ልብ የሚሞላበት ጊዜ ያጥራል፣ ግፊቱም ይወድቃል።

ፕሮፖፎልንና ኬታሚንን በአንድ ሲሪንጅ መቀላቀልን በተመለከተ የእኔ ምርጫ ለየብቻ መያዝ ነው። አንዴ ከተቀላቀለ ለአንዱ ታካሚ ፕሮፖፎሉን፣ ለሌላው ኬታሚኑን ላመዝን ቢሉ አይቻልም።

ቤት የተዋጠውንና ያልተጠጣውን አለመጠየቅ

ዋርድ ውስጥ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ከዘጌ የመጡ አንድ አባት ነበሩ።

«አባባ፣ የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«አዎ ልጄ፣ ዛሬም ጎሕ ሲቀድ ውጫለሁ። አታቋርጥ ተብዬ።»

ኤናላፕሪል ነበር። ጥፋተኛ አይደሉም፤ የታዘዙትን ነው የፈጸሙት። ኤናላፕሪልን የመሰሉ መድኃኒቶች የዚያኑ ዕለት ጠዋት ከተወሰዱ ከማስተኛ መድኃኒቶች ጋር ተጋግዘው ግፊትን ያወርዳሉ፤ ግፊቱም ለተለመደው ሕክምና ቶሎ እሺ አይልም። በቀጠሮ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ ከ24 ሰዓት በፊት የሚቆመው ለዚህ ነው። የልብ ምት የሚያዘገየው ቤታ ብሎከር ግን እንደዚያ በድንገት አይቆምም። ይህን ታካሚው በራሱ ሊያውቅ አይችልም፤ በዋዜማው የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ጾሙም እንደዚያው ነው። «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ» ተብሎ ተራው የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ነው። ያ ሰው ጠረጴዛው ላይ ሲወጣ ደርቋል። በቀጠሮ ለመጣና ሆዱ ጤነኛ ለሆነ ሰው ንጹሕ ውሃ ሰመመን ሊጀመር ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል፤ ለቀላል ምግብ ስድስት ሰዓት ይበቃል። የአንጀት መዘጋት ያለበት ላይ ይህ አይሠራም። ሁዳዴና የባሕር ዳር ሙቀት በመጋቢትና በሚያዝያ ሲገናኙ ነገሩ ይብሳል። «ውሃ ይጠጡ» ብንላቸው እሺ የማይሉ እናቶች አሉ። አለመቆጣት፣ ምክንያቱን ቀስ ብሎ ማስረዳት፣ ካልሆነም ጠዋት ላይ የደም ሥር ከፍቶ ሪንገር ላክቴት የተባለውን ፈሳሽ መጀመር። ረመዳን ላይም ያው ነው።

የላይኛው ቁጥር ከ90 በላይ ከሆነ ደህና ነው ማለት

አንድ ታካሚ ዋርድ ውስጥ 160 በ95 ነበረው እንበል። ካስተኛነው በኋላ ሞኒተሩ 105 በ60 አለ። ብዙዎች ይህን አይተው ያልፋሉ። ሒሳቡን እንሥራው። አማካይ ግፊቱ ከ117 አካባቢ ወደ 75 ወርዷል፤ ከሲሶ በላይ ጠፍቷል። ኩላሊቱም አንጎሉም የለመዱት ያንን ከፍ ያለውን ነው። መነሻውን ሳናውቅ ቁጥሩን መፍረድ አንችልም። ስለዚህ ከዋርድ የመጣውን ልኬት እናንብብ፤ ጠረጴዛው ላይ በፍርሃት የተለካውን ብቻ አንያዝ።

ሞኒተሩም በየ5 ደቂቃው እንዲለካ ከተተወ መግቢያው ላይ ያለው ነገር ሁሉ ያመልጠናል። ለመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች በየደቂቃው እናድርገው። ለቀጭን ክንድ ሰፊ የግፊት መለኪያ ጨርቅ ከታሰረ ግፊቱ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይታያል፤ ለወፍራም ክንድ ጠባብ ከታሰረ ደግሞ ከፍ ብሎ ያታልለናል።

ቱቦው ገባ፣ አለቀ ማለት

ቱቦውን ለማስገባት የሚረዳን ላሪንጎስኮፕ ጉሮሮ ሲነካ ግፊቱ ከፍ ይላል። ይህን ፈርተን ሁላችንም ማስተኛውን እናበዛለን። ቱቦው ከገባ በኋላ ግን ቅስቀሳው ያበቃል። ሆድ ይታጠባል፣ ጨርቅ ይዘረጋል፣ ለብዙ ደቂቃ ታካሚውን የሚነካ ነገር የለም። መድኃኒቶቹ ሙሉ ጉልበታቸው ላይ ናቸው። በዚህ ላይ የማስተኛ ጋዞቹን አይሶፍሉሬን ወይም ሃሎቴን ከፍ አድርገን ከፍተናል፤ አየሩም በግፊት ወደ ደረት ሲገባ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይቀንሳል። ሃሎቴን ከፈንታኒል ጋር ሲሆን ምቱም አብሮ ይወርዳል። ጋዙን ዝቅ አድርጎ ጀምሮ፣ ሐኪሙ ቢላዋ ሊያነሣ ሲል መጨመር ይሻላል። እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህችን ዝምታ ነው።

የማዳኛውን መድኃኒት በኋላ መፈለግ

ግፊት የሚያነሣው ኤፌድሪን ካለ በ1 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊግራም እንዲሆን ቀጥኖ፣ ስም ተለጥፎበት ከማስተኛው በፊት ይዘጋጅ። ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም እየሰጡ ማየት ነው። ከሌለ 1 ሚሊግራም አድሬናሊን በ100 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ማይክሮግራም ይይዛል፤ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሊትር እየተሰጠ ይታያል። ከረጢቱ ላይ በትልቁ ይጻፍበት፤ ተራ ፈሳሽ መስሎት ክፍት አድርጎ የሚለቀው ሰው እንዳይኖር። ምቱ ከዘገየ አትሮፒን አጠገብ ይሁን። ግፊቱ የወረደው ሥሮቹ ስለሰፉ ከሆነ ፈሳሽ ብቻ ቶሎ አይመልሰውም፤ ታካሚው ከመጀመሪያው የደረቀ ከሆነ ደግሞ ያለ ፈሳሽ አይሆንም። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። እግሩን ከፍ ማድረግና ጋዙን መቀነስ ሲሪንጁ እስኪነሣ ድረስ ጊዜ ይሰጣሉ።

ቻርቱ ላይም የመድኃኒቱን ስምና መጠን ብቻ ሳይሆን ደቂቃውን እንጻፍ። ሚዳዞላም ስንት ሰዓት ከስንት፣ ፈንታኒል ስንት፣ ፕሮፖፎል ስንት፣ ዝቅተኛው ግፊት መቼ ታየ፣ በምን ተመለሰ። ያ ሰው ከወር በኋላ ለሌላ ቀዶ ሕክምና ሲመለስ የሚቀበለው ባለሙያ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንን ገጽ ነው።