«ፊልሙ እንዴት ነው?» ሲሏችሁ እንዲህ መልሱ

ለዓመታት ካዛንቺስ ሲዲ ማከራያ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ «አዲስ ምን መጣ?» ይላል። ቀጥሎ «አሪፍ ነው?» ይላል። ዛሬ ሲዲ መከራየት ቀርቷል፤ ጥያቄው ግን ወደ ስልኬ ዞሯል። ዓርብ ማታ ሲደርስ የእህቴ ልጆች፣ የድሮ ደንበኞቼ፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «ምን እንይ?» እያሉ ይጽፉልኛል። ደስ ይለኛል። ሰው ሳምንቱን ሙሉ ደክሞ ያገኛትን ሁለት ሰዓት እናንተን አምኖ ሲሰጥ አደራ ነው። ስለዚህ «አሪፍ ነው፣ እየው» ብሎ ማለፍ አይበቃም።

መልስ ከመስጠታችሁ በፊት እናንተ ጠይቁ። ከማን ጋር ነው የምታየው? ልጆች አብረው አሉ? ሲኒማ ቤት ነው ወይስ ስልክ ላይ? ዛሬ መሳቅ ነው ያማረሽ ወይስ ማልቀስ? አንድ ፊልም ለአንዱ ሰው መድኃኒት፣ ለሌላው ቅጣት ሊሆን ይችላል። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» እንውሰድ። በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት አግኝቷል። በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን፣ ማለትም የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫልን፣ ትልቁን ሽልማት ወስዷል። እኔ በጣም እወደዋለሁ። ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ታሪኩም ከጀርመን ወደ አገር ቤት፣ ከልጅነት ወደ ጉልምስና እየተመላለሰ ነው የሚሄደው። ከሥራ መጥቶ ሶፋ ላይ ለተጋደመ ሰው አልሰጠውም። እሁድ ከሰዓት፣ ስልክ ዘግቶ ቁጭ ለሚል ሰው ነው። በደርግ ጊዜ ወንድሙን ወይም አባቱን ያጣ ሰው ከሆነ ደግሞ ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ሳይዘጋጅ ቁስሉን የሚነካ ነገር ውስጥ መግባት የለበትም።

ጥያቄው ካለቀ በኋላ አሪፍነቱን ሳይሆን ታሪኩን ከፈት አድርጉለት። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 በካን ፌስቲቫል ኦፊሴላዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ይህን ስናገር ሰው «ጎሽ» ብሎ ያልፈኛል። እንዲህ ስል ግን ወሬው ይቀየራል፦ «አንድ ልጅ አለ፤ እናቱ ሞታበታለች። አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ከልጁ ጎን የማይለይ በግ አለ፤ አጎቱ ደግሞ ለበዓል ማረድ አለብህ ይለዋል። ልጁ እጁ ለምግብ ሥራ ነው፤ ሳምቡሳ ሠርቶ እየሸጠ ገንዘብ ያጠራቅማል።» እዚህ ላይ አቆማለሁ። ወዲያው «የት ነው የማገኘው?» ይሉኛል። ሽልማት ሰውን ያስከብራል እንጂ ቁጭ አያደርግም። ቁጭ የሚያደርገው «ልጁ ምን ያደርግ ይሆን?» የሚለው ነው።

የት ላይ ማቆም እንዳለባችሁ ማወቅ ከሁሉም ይከብዳል። የእኔ ልክ የፊልሙ መነሻ ነው። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደፈለገ፣ ምን እንደገጠመው ንገሩ፤ ከዚያ ዝም በሉ። በ2025 የወጣው የራያን ኩግለር «ሲነርስ» ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው። ዘመኑ 1932፣ ቦታው ሚሲሲፒ ነው። ማይክል ቢ. ጆርዳን መንትያ ወንድማማቾችን ሆኖ ይጫወታል። መንትዮቹ ከቺካጎ ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው የጭፈራ ቤት ሊከፍቱ ነው። ጊታር የሚጫወት ወጣት ዘመድ አላቸው። በመጀመሪያው ምሽት ደም መጣጮች ይመጣሉ። በቃ፣ ይህን ያህል ይበቃል። ደም መጣጮቹንማ ማስታወቂያውም ነግሯችኋል። መሀል ላይ ስላለው የጭፈራ ትዕይንት ግን አንድ ቃል አልተነፍስም። «ስትደርሺበት ድምፁን ከፍ አድርጊ» ብቻ ነው የምለው። የራሴን ስሜትም እጨምራለሁ፤ እኔ ከሁለተኛው አጋማሽ ይልቅ የመጀመሪያውን እወዳለሁ። ወንድማማቾቹ ሰው ሲሰበስቡ፣ ሲደራደሩ፣ ከጥንት ፍቅረኞቻቸው ጋር ሲገናኙ ብቻ ሦስት ሰዓት ባይ አይሰለቸኝም ነበር። ደም ለማትወድ ሰው ደግሞ ደም እንዳለ መናገር ግዴታ ነው። እማዬን አልጋበዝኳትም።

 

ያልወደዳችሁትን ፊልም ስትናገሩ ቦታውን አሳዩ። «ቀሽም ነው» ማለት ለጠያቂው ምንም አይረዳውም። «ከመሀል በኋላ ላላብኝ»፣ «ድምፁ አይሰማም»፣ «አጨራረሱ ላይ ተጣደፉ» ስትሉ ግን ጠያቂው ራሱ ይመዝናል። የሞገስ ታፈሰን «ቁራኛዬ» አንዱ ጓደኛዬ «ያስተኛል» አለኝ። ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ረጅም መንገድ የሚሄዱበት የድሮ ዘመን ታሪክ ነው። ዝግ ይላል፣ እውነት ነው። ለእኔ ግን ጥሩነቱ እዚያ ላይ ነው፤ ሁለት ጠበኞች ጎን ለጎን ሲራመዱ ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ዝግ ያለ ፊልም ነው» ብዬ እናገራለሁ፤ ጥሩ ይሁን መጥፎ ጠያቂው ይወስን። ተዋናይት ስትነቅፉም ሥራዋን እንጂ መልኳን አታንሱ። እሷም ፌስቡክ ታነባለች።

ስለ ውጭ ፊልም ሲያወሩ የትኛውን እንዳዩት ጠይቁ። ትርጉም ፊልም ያየና በራሱ ቋንቋ ያየ ሰው ሊስማሙ አይችሉም። ተርጓሚው በራሱ ቀልድና አስተያየት ሲሞላው ሌላ ፊልም ይሆናል። ትርጉም ፊልም አልንቅም፤ ስንት ሰው ከፊልም ጋር ያስተዋወቀ ነገር ነው። ብቻ ስለ አንድ ነገር እያወራችሁ መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ።

ገና ስላልወጣ ፊልም ሲጠይቋችሁ «አሪፍ ነው» አትበሉ፤ አላያችሁትም። የምትጓጉለትንና የምትፈሩትን ለይታችሁ ተናገሩ። ይህን ስጽፍ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ክሪስቶፈር ኖላን «ዘ ኦዲሲ» ነው። ለጁላይ 17 ቀን 2026 ቀን ተቆርጦለታል። ሙሉ በሙሉ ለግዙፍ ስክሪን በሚሆኑት በአይማክስ የፊልም ካሜራዎች የተቀረጸ ነው፤ የጥንቱን የግሪክ ታሪክ ጀግና ኦዲሲየስን ማት ዴሞን ይጫወተዋል። የምጓጓው ለታሪኩ ነው። ጦርነት ያለቀለት ሰው ቤቱ ለመድረስ ዓመታት ሲለፋ፣ ሚስቱና ልጁ ደግሞ ደጅ ደጁን ሲያዩ። ዘመድ ዓረብ አገር ወይም አሜሪካ ያለው ቤት ይህ ታሪክ አይጠፋውም። የምፈራው ደግሞ ድምፁንና ርዝመቱን ነው። የኖላን «ቴኔት» ላይ ንግግሩ በሙዚቃው ተውጦ ተቸግሬአለሁ። ሌላው የእሱ ፊልም «ኦፐንሃይመር»ም ሦስት ሰዓት ነበርና በጊዜ መብላትና ውኃ መቀነስ ነው።

ትሬለር (የፊልም ማስታወቂያ) አንዱን ብቻ እዩ፣ እሱንም የመጀመሪያውን። ኋላ የሚወጡት ብዙ ይናገራሉ። ከትሬለር ይልቅ ዳይሬክተሩ ከዚህ በፊት የሠራውን ፊልም ማየት የበለጠ ይጠቅማል፤ የፊልሙን ጸባይ ከዚያ ትገምታላችሁ።

ሰኞ ላይ ደግሞ መልሳችሁ ጠይቁ። «እንዴት ነበር? የት ላይ ደበረሽ?» በሉ። የእህቴ ትልቁ ልጅ አክሽን ይወዳል ብዬ አስብ ነበር፤ ሲያወራልኝ ግን ሁልጊዜ የሚያነሳው ስለ ወንድማማቾች ነው። አሁን ለእሱ የምመርጠው በዚያ ነው። «ሲነርስ»ንም የመረጥኩለት ለዚህ ነው።

ለዚህ ዓርብ ለጠየቃችሁኝ፦ ከልጆች ጋር ከሆናችሁ «ላምብ»ን እዩ። ብቻችሁን ከሆናችሁና እንቅልፍ ካልመጣ «ቁራኛዬ»ን ሞክሩ። «ጤዛ»ን ለእሁድ አቆዩት።