ቁልፍ ከማንሳትህ በፊት ቴስተር አንሳ

«መኪናዬ አልነሳ አለች» ሲባል የጀማሪ መካኒክ እጅ ቀድሞ ወደ መፍቻ ቁልፍ ነው የሚሄደው። የእኔም እንደዚያ ነበር። ሙያውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ጠዋት ጠዋት ብቻ የምታስቸግር መኪና መጣችልኝ። ባትሪ አስለወጥኩ። በሳምንቱ ተመለሰች። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አውርጄ ሌላ ገጠምኩ። አሁንም ተመለሰች። ባለቤቷ ትልቅ ሴት ናቸው፤ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ በሽታዋን አውቀኸዋል ወይስ እየሞከርክ ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። እየሞከርኩ ነበር። ጥያቄያቸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ ለጀማሪዎች ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቅ። «ቁልፉን ሲያዞሩ ምን ይሰማሉ?» በለው፤ ከዚያ ዝም ብለህ አዳምጥ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ በፍጥነት የሚደጋገም ድምፅ ከሆነ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ገመዱን ከባትሪው ጋር የሚይዘው ማሰሪያ ላልቷል ብለህ ጠርጥር። አንድ ከበድ ያለ «ቀጭ» ተሰምቶ ጸጥ ካለ ሞተሪኖውን ወይም ወፍራሞቹን ገመዶች ተመልከት። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ የቁልፉ ማብሪያ፣ ሪሌው (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍተው ማብሪያ)፣ አውቶማቲክ ከሆነች ደግሞ የማርሹ ስዊች ሊሆን ይችላል። ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ግን ባትሪውን ተወው፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ነዳጅ ወይም እሳት (የካንዴላው ብልጭታ) ጋ ነው። አንድ ጥያቄ ጨምር፦ «በቅርቡ ምን ተሠርቶላት ነበር?» በዚህች ጥያቄ ብቻ ሳይገባ የቀረ ሶኬት ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው።

ቀጥሎ ቴስተሩን (ቮልትና ኦም የሚለካውን መሣሪያ) ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርገህ ባትሪውን ለካ። መኪናዋ ገና ከመንገድ የገባች ከሆነ ንባቡ ያታልልሃል። የፊት መብራቱን ለሁለት ደቂቃ አብርተህ አጥፋና ትንሽ ቆይተህ ለካ። 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ ገደማ፤ ወደ 12.0 ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። 12.6 አየሁ ብለህ ግን ባትሪው ደህና ነው አትበል። ሥራ ላይ ስታየው ነው የሚታወቀው። ረዳትህ ቁልፉን ሲያዞር ዓይንህን ከቴስተሩ አትንቀል፤ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ፣ በተለይ ብርድ በሌለበት፣ ባትሪው አቅም አጥቷል።

ያቺ ጠዋት ጠዋት የምታስቸግረኝ መኪና ይህን ሁሉ አለፈች። አዲስ ባትሪ፣ አዲስ ሞተሪኖ፤ ጠዋት ግን እንደ ልማዷ እያቃሰተች ትዞራለች። ያን ጊዜ ጋሼ እያልን የምንጠራው አንጋፋ መካኒክ መጣና፣ ባትሪ ለባትሪ የምናበድርበትን ወፍራም ገመድ አንሥቶ፣ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ላይ ነከሰው። «አዙር» አለኝ። ባንዴ ተነሳች። ጥፋቱ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደው የማሳ ገመድ ነበር። ላስቲኩ ከላይ ምንም አልሆነም፤ ስንሰነጥቀው መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል።

ያን ገመድ ቀደም ብዬ በኦም (ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚያግድ በሚያሳየው ልኬት) ለክቼው «ደህና» ብሎኝ ነበር። ቴስተር በኦም ሲለካ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው፤ ጥቂት ክር መዳብ ብትቀር እንኳ ይበቃዋል። ሞተሪኖ ግን ሲዞር 150 አምፔርና ከዚያም በላይ ይስባል። በ150 አምፔር ላይ 0.01 ኦም ብቻ 1.5 ቮልት ይበላል። ስለዚህ ገመድ የሚለካው ጭነት ተሸክሞ ሳለ ነው። የቴስተሩን ጥቁር መርፌ በባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ (ማሰሪያው በሚጠልቅበት ጉብታ) ላይ አድርግ፤ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ። ቀዩን ቀለም በሌለበት የሞተሩ ብረት ላይ ተጫን። ረዳትህ ሲያዞር ከ0.2 ቮልት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ቀዩን መርፌ ደረጃ በደረጃ ወደ ባትሪው አምጣ፦ ገመዱ ሞተሩ ላይ የታሰረበት፣ ከዚያ የባትሪው ማሰሪያ። ቁጥሩ ድንገት የሚወድቅበት ቦታ፣ ጥፋቱ ከዚያ በፊት ባለፍከው ክፍል ነው። በፖዘቲቩ በኩልም ከባትሪው እርሳስ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ቡሎን እንዲሁ ለካ፤ እዚያ እስከ 0.5 ይፈቀዳል።

ማሰሪያ ስትፈታ ኔጌቲቩን አስቀድም፣ ስትገጥም መጨረሻ አድርገው። ፖዘቲቩን እየፈታህ ቁልፍህ ቦዲውን ቢነካ፣ ኔጌቲቩ ገና ታስሮ ከሆነ ቁልፉ ፍም ይሆናል፤ ባትሪውም ሊፈነዳ ይችላል። ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቅ፤ ይህን ሳልል አላልፍም። ነጭና አረንጓዴ ዝገቱን ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ እጠብ፣ እርሳሱ እስኪያበራ በብረት ብሩሽ ፈግፍግ። ማሰሪያው አልገባም ካለ ከፍተህ አስገባው እንጂ በመዶሻ አትምታው፤ የባትሪው ክዳን ይሰነጠቃል።

ከተነሳች በኋላ ዲናሞው ባትሪውን መሙላቱን እይ። በአብዛኞቹ መኪናዎች ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ይሆናል፤ በኮምፒውተር የሚታዘዙት አዳዲሶቹ ግን እንደ ሁኔታው ዝቅና ከፍ ያደርጉታል። ካነሰ ዲናሞውን ከማውረድህ በፊት የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጊያውን ተመልከት።

በመጨረሻ ጥፋቱን ያገኘህበትን ልኬት ድገመው፤ የበፊቱንና የአሁኑን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍ፤ ከወጣው ዕቃ ጋር ለባለቤቱ አሳይ። ለእኚያ ሴት የተሰነጠቀውን ገመድ አሳየኋቸው፤ ሲዞር 0.9 ቮልት የነበረው 0.1 መሆኑንም ነገርኳቸው። ያለ ጥፋቱ ያወረድኩትን ሞተሪኖ መለስኩላቸው፤ የእጅ ዋጋዬንም ሳልቀበል ሸኘኋቸው።