ጨውን ከኩብ ወደ ስምንት ፊት እንዴት እንደምንቀይረው

የወጥ ቤት ጨው ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ኩብ ነው፣ ስድስት ፊት። ያንኑ ጨው ስምንት ፊት ማድረግ ይቻላል፣ የሚያስፈልገው ዩሪያ ነው፣ አዎ ማዳበሪያው። እኔ ኮዬ ፈጬ ነኝ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ወጣ ብሎ ስንዴ የሚዘሩ አንድ አባባ እፍኝ ሰጡኝ፣ ለጨው ነው ስላቸው ዝም ብለው አዩኝ።

መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ጨው እየጨመራችሁ አማስሉ፣ አልሟሟም ብሎ ታች እስኪቀር፣ ለ100 ሚሊ ሊትር 36 ግራም አካባቢ ይበቃል። ጨው እንደ ስኳር አይደለም፣ ውሃው ቢፈላም ብዙ አይጨምርም፣ ስለዚህ ሲቀዘቅዝ ክሪስታል ይሰራል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ውሃው መትነን አለበት። በነጠላ ቁራጭ አጥልሉትና ለሶስት ብርጭቆ አካፍሉት፣ አንዱ እንዳለ ይቀመጥ፣ ሁለተኛው ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ፣ ሶስተኛው ላይ ሶስት። ስታማስሉ ብርጭቆውን ያዙት፣ ከፍሪጅ የወጣ ይመስል ይቀዘቅዛል፣ ዩሪያ ሲሟሟ ሙቀት ይስባል።

ከዛ ሰፋ ያለ ሰሃን ላይ ገልብጡት፣ ወረቀት ጣል አድርጉበትና ጥላ ውስጥ ተዉት። እኔ ቸኩዬ በረንዳ ፀሐይ ላይ አስጥቼው ነጭ ቅርፊት ብቻ ሆኖ ጠበቀኝ። ክረምት ላይም አትልፉ፣ አይደርቅም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ገና ሳይደርቅ የወጡትን በወረንጦ ልቀሙ፣ ውሃው ካለቀ ዩሪያው ራሱ መርፌ መርፌ እየሆነ ይወጣና ይቀላቀላል። በስልክ ዙም አድርጋችሁ እዩ፣ ዩሪያ የሌለበት ኩብ ነው፣ የበዛበት ማዕዘኑ የተቆረጠ፣ ሶስት ማዕዘን ፊት ያለው። ካልታየ ዩሪያ ጨምሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ቶሎ የሚያድገው ፊት ይጠፋል፣ ቀስ የሚለው ሰፍቶ ይቀራል። የኩቡ ፊት ላይ ሶዲየምና ክሎሪን ተቀላቅለው ነው ያሉት፣ የማዕዘኑ ፊት ግን አንዱ ዓይነት ብቻ ነው፣ ቻርጅ አለው፣ ዩሪያ እሱ ላይ ተለጥፎ ያዘገየዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ነጭ ቀለም ውስጥ ያለውን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በፍሎራይድ በዚሁ ዘዴ ሰርተው ቶሎ ሪአክት የሚያደርገውን ፊት ከክሪስታሉ ጠቅላላ ገጽ 47 በመቶ አድርሰውታል፣ ቁሱ ያው፣ ጠባዩ ሌላ። እነሱ የተጠቀሙት የፍሎራይድ አሲድ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ስለሆነ ቤት ውስጥ አይታሰብም።

ሰሃኑ ላይ በማርከር ፃፉበት ደግሞ፣ እህቴ ሽሮ ላይ ልትነሰንሰው ስትል ነው የደረስኩባት።