ማዕዘኑን በጨለማ አንሡት፦ ጠባብ የዓይን ማዕዘንን በኦሲቲ ለመለየት

ይህን የምጽፈው በየክሊኒኩ ኦሲቲ በሚባለው፣ የዓይንን ውስጥ በብርሃን ተቆርጦ እንደሚታይ አድርጎ በሚያነሣው ማሽን ላይ ለተመደባችሁ ኦፕቶሜትሪስቶችና የዓይን ነርሶች ነው። ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ለሬቲና እና ለነርቭ ምርመራ ስለሆነ፣ የዓይንን የፊት ክፍል ለማንሣት አብራው የመጣችው ትንሿ ሌንስ መሳቢያ ውስጥ ተረስታ ትቀራለች። እባካችሁ አውጧት። የጠበበ ማዕዘን ያለውን ሰው ነርቩ ሳይጎዳ መለየት በዚህ ሙያ ውስጥ አብልጬ የምወደው ሥራ ነው፤ ጠፍቶ የማይመለስ እይታን ቀድሞ ማትረፍ ነውና።

ማዕዘን የምንለው ኮርኒያ (ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) እና አይሪስ (ባለ ቀለሙ ክፍል) የሚገናኙበትን ጥግ ነው። ዓይን ውስጥ ያለማቋረጥ የሚመረተው ፈሳሽ ከአይሪስ ጀርባ ተነሥቶ በብሌኑ ቀዳዳ ወደ ፊት ያልፍና እዚያ ጥግ ላይ ባለው ማጣሪያ በኩል ይወጣል። አይሪሱ ወደ ፊት ተገፍቶ ማጣሪያውን ሲሸፍነው መውጫው ይዘጋል፤ ግፊቱ ጨምሮ ነርቩን ሲጎዳ የዝግ ማዕዘን ግላኮማ ይባላል። ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ መሆን የነበረበት ግፊት በድንገተኛ መዘጋት ጊዜ ከ40 አልፎ 60 እና 70 ሊደርስ ይችላል። ብዙዎቹ ግን ሳያማቸው ቀስ በቀስ ይዘጋባቸዋል፤ ፎቶው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመውም ለእነዚህ ነው።

ሁሉንም ታካሚ ማንሣት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ዕድሜያቸው ከ40 ላለፈ፣ ይልቁንም ለሴቶች፣ የሩቅ ማያ ፕላስ መነጽር ለሚያደርጉና እናታቸው ወይም እኅታቸው ይህ በሽታ ለነበረባቸው ነው። በሽታው በምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ላይ ይበዛል፤ እኛ ዘንድ ግን ልብ የምላቸው ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው «ሞራው እስኪበስል ጠብቁ» ተብለው ለዓመታት የቆዩ ሰዎች ናቸው። ሞራው ሲበስል የዓይኑ ሌንስ ሊያብጥና አይሪሱን ወደ ፊት ሊገፋው ይችላል። ሁለተኛው አገራችን ውስጥ በብዛት የምናየው፣ በሌንሱ ላይ እንደ ፎረፎር ያለ ነጭ ነገር የሚጥለው ሲዩዶኤክስፎሊየሽን ነው። የሌንሱን ማሰሪያ ክሮች ስለሚያላላ ሌንሱ ወደ ፊት ሊንሸራተት ይችላል።

ታሪክም ጠይቁ። «እማማ፣ ሲመሽ ግንባርዎን ያምዎታል? አምፖል ዙሪያ ቀስተ ደመና መሳይ ቀለበት ያያሉ?» በሉ። ብዙ እናቶች የሚመልሱልኝ «ምች መቶኝ ነበር፣ ዳማከሴ ታሸልኝና ተወኝ» ብለው ነው። ሕመሙ እውነትም ሊተው ይችላል፤ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ብሌኑ ስለሚጠብ ማዕዘኑ ይከፈታልና። ስለዚህ ምች የተባለው ሕመም ሁልጊዜ ከምሽት ጋር የሚመጣ ከሆነ፣ ከአንድ ዓይን በላይ ያለውን ግንባር የሚይዝ ከሆነና እይታን የሚያደበዝዝ ከሆነ ያቺን ሴት ማዕዘኗን ሳታዩ አትሸኟት። የሚወስዱትን መድኃኒትም አስቆጥሯቸው። አንዳንድ የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒቶች፣ የድብርት ክኒኖችና አትሮፒን ብሌንን ያሰፋሉ። ፓይሎካርፒን የሚጨምር ሰው ደግሞ ብሌኑ ስለጠበበ ፎቶው ከእውነታው የተሻለ ይመስላል።

ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ከመጨመራችሁ በፊት ማዕዘኑን እዩ። ተራ በሚበዛበት ቀን ነርሷ ሰልፉን ለማፋጠን ለሁሉም ቀድማ ስትጨምር አይታችሁ ይሆናል። ይህ መቅረት አለበት። ኦሲቲ ባይኖር እንኳ በትንሽ ባትሪ ከጆሮ በኩል ከአይሪሱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አብሩ፤ በአፍንጫ በኩል ያለው አይሪስ ጥላ ከለበሰ ተጠራጠሩ። ስሊት ላምፕ (የዓይን ማይክሮስኮፕ) ካለ ቀጭን ብርሃን በ60 ዲግሪ በኮርኒያው ዳር ጣሉና በኮርኒያና በአይሪስ መካከል ያለውን ጥቁር ክፍተት ከኮርኒያው ውፍረት ጋር አወዳድሩ። ክፍተቱ የውፍረቱን ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጠብታው ይቆይና ወደ ፎቶ ክፍል ይለፉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እርሱም ጨለማው ነው። ብርሃን ሲኖር ብሌኑ ይጠብባል፣ አይሪሱ ይወጠርና ይሳሳል፣ ማዕዘኑም ይከፈታል። ሲጨልም አይሪሱ ወደ ዳር ተሰብስቦ ይወፍርና ጥጉን ይሞላዋል። በብርሃን ክፍት የሚመስል ማዕዘን በጨለማ ሲዘጋ ማየት ትችላላችሁ። መብራት በርቶ የተነሣ ፎቶ «ደህና ነው» ቢል ይህን ሰው ነፃ አያወጣውም። መጋረጃውን ዝጉ፣ የበሩን ሥር ክፍተት ሸፍኑ፣ የኮምፒውተሩን ስክሪን ደብዛዛ አድርጋችሁ ከታካሚው ፊት አዙሩት፣ ስልኮች ይጥፉ። ማሽኑ ራሱ የሚያነሣው በኢንፍራሬድ ስለሆነ ብሌኑን አያጠብበውም፤ ታካሚው የሚያተኩርባት የማሽኑ መብራት ግን ታጠብበዋለችና እስከምትችሉት ቀንሷት። ታካሚው ሁለት ሦስት ደቂቃ በጨለማው ይቀመጥ። መጀመሪያ በጨለማ፣ ቀጥሎ መብራት አብርታችሁ አንሡ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ ራሱ ብዙ ይነግራችኋል።

ለሬቲና የተሠራው ማሽን በአንድ ጊዜ አንድ ጥግ ብቻ ነው የሚያነሣው። የቀኝ ዓይንን የጆሮ በኩል ማዕዘን ስትፈልጉ ታካሚዋ ወደ ግራ ትይ፤ የአፍንጫ በኩሉን ስትፈልጉ ወደ ቀኝ። እነዚህ ሁለቱ ቀላል ናቸው። ብዙ ጊዜ ይበልጥ የሚጠበው ግን የላይኛው ስለሆነ እርሱን አትዝለሉት። ወደ ታች እንድትመለከት ንገሯትና የላይኛውን የዓይን ቆብ በቀስታ አንሥታችሁ ከቅንድቡ አጥንት ላይ ያዙት። ጣታችሁ ዓይኑን ራሱን ከተጫነ የማዕዘኑ ቅርጽ ይለወጣል፣ ፎቶውም አይታመንም። ከንባብ በፊት ሌላም ነገር አረጋግጡ፤ የአይሪሱ ዳር እስከ ጥጉ ድረስ ሳይደበዝዝ መታየት አለበት።

ፎቶውን ስታነቡ መጀመሪያ የምትፈልጉት ስክሌራል ስፐርን ነው፦ የነጩ የዓይን ክፍል ውስጠኛ ጠርዝ ወደ ውስጥ ብቅ የሚልበት ነጥብ። ማጣሪያው ከእርሱ ፊት ለፊት ነው ያለው። አይሪሱ ከዚህ ነጥብ አልፎ የኮርኒያውን ግድግዳ ከነካ በዚያ አቅጣጫ ማዕዘኑ ዝግ ነው ማለት ነው። ካልነካ ከስፐሩ 500 ማይክሮን ወደ ኮርኒያው ተጓዙና ከዚያ እስከ አይሪሱ ያለውን ርቀት ለኩ። በ840 ናኖ ሜትር አካባቢ የሚሠሩት የሬቲና ማሽኖች ነጩን ክፍል አጥርተው ስለማያልፉ ስፐሩ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ያን ጊዜ የኮርኒያው ውስጠኛ ሽፋን የሚያበቃበትን የሽዋልቤ መስመር ተጠቀሙ። ለፊት ክፍል ተብለው በ1310 ናኖ ሜትር የተሠሩት ማሽኖች ጠለቅ ብለው ያያሉ፤ ሁለቱንም ጥጎች በአንድ ፎቶ ስለሚያሳዩ ሌንሱ ምን ያህል ወደ ፊት እንደገፋም መለካት ይቻላል።

ቁጥሩን ብቻ አትዩ፣ የአይሪሱን ቅርጽም እዩ። እንደ ነፋስ የያዘ ሸራ ወደ ፊት ካበጠ ፈሳሹ ከጀርባ ታፍኗል፤ በሌዘር ትንሽ ቀዳዳ ሲበሳ ሊለጥ ይችላል። መሐሉ ለጥ ብሎ ዳሩ ላይ ድንገት ቁልቁል የሚታጠፍ ከሆነ ግን ቀዳዳው ላይከፍተው ይችላልና ለሐኪሙ ለይታችሁ ጻፉ። ከአይሪሱ ጀርባ ያለውን ለማየት አልትራሳውንድ ባዮማይክሮስኮፒ ያስፈልጋል፤ የኦሲቲ ብርሃን የአይሪሱን ቀለም አያልፍም።

ፎቶው ጎኒዮስኮፒን፣ ማለትም ሐኪሙ ዓይን ላይ ልዩ ሌንስ አስቀምጦ ማዕዘኑን በቀጥታ የሚያይበትን ምርመራ፣ አይተካም። አይሪሱ ማጣሪያውን የነካው እንዲሁ ነው ወይስ ተጣብቆ ቀርቷል የሚለውን የሚለየው ሐኪሙ የጎኒዮ ሌንሱን ጫን አድርጎ ሲያይ ነው። አዲስ የበቀሉ ደም ሥሮችም በእኛ ፎቶ አይታዩም። ስለዚህ «ግላኮማ አለብዎት» አትበሉ። «ማዕዘንዎ ጠበብ ብሎ ታይቶኛል፣ ሐኪም ያረጋግጠው» በሉ።

ጠባብ ማዕዘን ሁሉ በሌዘር ይበሳ ማለትም አይደለም። በቻይና ጓንግዡ ከተማ 889 ጠባብ ማዕዘን ያላቸው ሰዎች አንድ ዓይናቸው በሌዘር ተበስቶ ሌላው ሳይነካ ለስድስት ዓመት ተከታትለዋቸው ነበር። በፈረንጆቹ 2019 በወጣው ውጤት ችግሩ የባሰው ከተበሱት 19 ዓይኖች፣ ካልተበሱት ደግሞ 36 ዓይኖች ላይ ነው። ሌዘሩ ይከላከላል፤ ሳይበሳም አብዛኛው ዓይን ደህና ቆይቷል። በተደጋጋሚ መምጣት የማይችል ከሩቅ ገጠር የመጣ ሰው እና በየስድስት ወሩ መታየት የሚችል የከተማ ሰው አንድ ዓይነት ውሳኔ ላይገባቸው ይችላል፤ የታካሚውን አድራሻና የመመላለስ አቅም ወደ ሐኪም በምልክበት ወረቀት ላይ የምጽፈው ለዚህ ነው። ዓይኑ ቀልቶ፣ ኮርኒያው ጉም መስሎ፣ ብሌኑ ሰፋ ብሎ ለብርሃን እምቢ ካለና ሰውየው የሚያስታውከው ከሆነ ግን ፎቶውን ተዉት። ግፊቱን ለክታችሁ በዚያው ሰዓት ለሐኪም አስረክቡት።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ፎቶ ላይ የትኛው ዓይን፣ የትኛው አቅጣጫ፣ «ጨለማ» ወይስ «ብርሃን»፣ ጠብታ ተጨምሮ እንደሆነና እንዳልሆነ ጻፉ። አትማችሁ ለታካሚው ስጡት፤ ሌላ ክሊኒክ ቢሄድ ጠብታ ከመጨመራቸው በፊት እንዲያሳያቸው ንገሩት። እኅት ወንድሞቹንም ይዞ እንዲመጣ ጠይቁት።