የውሃ ቀለም በድሬ ሙቀት፦ ቶሎ መድረቁን እንዴት ፈታሁት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባዛር ላይ የሰው ፊት በውሃ ቀለም ስስል አንድ ነገር አላሠራ ብሎኝ ነበር። ቀለሙ ቶሎ ይደርቃል። ጉንጭ ላይ ያሳረፍኩትን ወደ አገጭ ሳላወርደው ጠርዙ ይደርቅና መስመር ይሠራል። ፊት ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ መስመር ጠባሳ ይመስላል። ተቀምጣ የምትጠብቀኝን ልጅ እንዲህ አድርጌ መሳል አልፈልግም።

ውሃ መጨመር ቀለሙን ያሳሳዋል እንጂ አይረዳም። የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው፤ ነፋስ ከተጨመረበት ውሃው ወዲያው ይተናል።

መፍትሔው ግሊሰሪን ሆነ። ያው ለቆዳ የምንቀባው፣ ፋርማሲ የሚሸጠው። እርጥበት ይዞ ያቆያል። ለአንድ ብርጭቆ ውሃ ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃል። ከበዛ ሥዕሉ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ባለቤቱ ደግሞ ይዞት ሊሄድ ነው።

ወረቀቱም ለውጥ አምጥቷል። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም የጥጥ ወረቀት ከጀርባው በስፖንጅ አርጥቤ ፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ አስተኛዋለሁ። ከሥር ያለው እርጥበት ግንባርን፣ ጉንጭንና አንገትን ሳልቸኩል እንዳዋህድ ጊዜ ይሰጠኛል። ዓይንና ከንፈር ግን ወረቀቱ ሲደርቅ ነው የሚሠሩት፤ አለበለዚያ ቀለሙ ይፈስሳል።

ጥላም ምረጡ። ዛፍ ሥር ቢቀዘቅዝም በቅጠል መሀል የሚያልፈው ብርሃን ፊት ላይ ይንቀሳቀሳል። የሰማያዊ ሸራ ጥላ ደግሞ ይብሳል፤ የሁሉንም ቆዳ ሰማያዊ ያስመስለዋል። ነጭ ድንኳን ወይም የግንብ ጥላ ካገኛችሁ እዚያ ተቀመጡ።