በቪዲዮ ጌም ውስጥ መኪናን ለድራግ ውድድር እንዴት ማስተካከል እንደሚቻል

በድራግ ውድድር ላይ ኩርባ የለም። ሁለት መኪኖች ከቆሙበት ተነሥተው በቀጥተኛ መንገድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ያህል ይሮጣሉ፤ መጨረሻውን መስመር ቀድሞ የረገጠ ያሸንፋል። ነገሩ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ተጫዋች ያለውን የጌም ገንዘብ ሁሉ ሞተር ላይ ያፈስና፣ የፈረስ ጉልበቱ እጥፍ የሆነው መኪናው ለምን በደካማ መኪና እንደሚቀደም ግራ ይገባዋል። መልሱ ያለው መነሻው ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ 20 ሜትሮች የባከነች 0.2 ሰከንድ እስከ መጨረሻው ድረስ አብራ ትሄዳለች፤ መኪናው መስመሩን በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እየሮጠ የሚያልፍ ከሆነ ያቺ ትንሽ መዘግየት ወደ 11 ሜትር የሚጠጋ ርቀት ትሆናለች። ስለዚህ ማስተካከያው ከጎማ ተነሥቶ ወደ ሞተር ሊሄድ ይገባል።

ምሳሌዎቹን በአብዛኛው የምወስደው እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ፎርዛ ሆራይዘን 5 ነው፤ አስተሳሰቡ ግን ማርሽና ጎማ ማስተካከል በሚፈቅድ በማንኛውም የመኪና ጌም ላይ ይሠራል።

በቅድሚያ ምንም ሳይነኩ ሦስት ጊዜ ይሩጡ። የወሰደውን ጊዜ፣ መስመሩን ሲያልፉ የነበሩበትን ማርሽና ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር ላይ እንደነበረ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ይህ መነሻ ቁጥር ከሌለ በኋላ የሚደረገው ለውጥ ሁሉ ግምት ይሆናል።

ቀጥሎ ክፍሎቹ ይገዛሉ። ካለ የድራግ ጎማ፣ የሚስተካከል ካምቢዮ፣ የሚስተካከል ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክፍል) እና ክብደት መቀነሻ ከሞተር ኃይል በፊት ይቀድማሉ። በፎርዛ ውስጥ የስፖርት ካምቢዮ ፋይናል ድራይቩን (የሁሉንም ማርሽ ርዝመት በአንድ ላይ የሚወስነውን የመጨረሻ ቁጥር) ብቻ ለማስተካከል ሲፈቅድ፣ የውድድር ካምቢዮ ደግሞ እያንዳንዱን ማርሽ ለየብቻ ለመቀየር ያስችላል፤ ለድራግ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። ኃይሉ በጣም የበዛ መኪና በአራቱም ጎማ እንዲነዳ መቀየር አነሣሡን ያቀልለታል፤ ሆኖም ክብደት ይጨምራል።

ጎማው ላይ ሲደርሱ ዋናው ጥያቄ የትኛው ጎማ ይገፋል የሚለው ነው። መኪናው በኋላ ጎማ የሚነዳ ከሆነ የኋላውን ንፋስ ቀነስ ያድርጉ፤ ጎማው ተለጥጦ መሬቱን በሰፊው ይይዛል። የፊተኛው ግን መንከባለል እንጂ መግፋት ሥራው ስላልሆነ ንፋሱ ይጨመርለት። የኋላውን በአንድ ጊዜ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ማውረድ አያስፈልግም፤ በ2 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) እየቀነሱ ጊዜው መሻሻሉን እስኪያቆም መሞከር ይሻላል።

አሁን ወደ ማርሹ እንምጣ፤ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት የሚከፈለው እዚህ ነው። መነሻው ላይ የዙር መቁጠሪያውን ቀስት በደንብ ይመልከቱ። ቀስቱ ወደ ቀዩ መስመር (ሞተሩ ሊያልፈው ወደማይገባው የዙር ወሰን) ዘሎ ወጥቶ ጎማው እየጨሰ ፍጥነቱ ግን የሚንፏቀቅ ከሆነ ጎማው በቦታው እየሾረ ነው፤ አንደኛ ማርሽ ረዘም ይበል፣ ማለትም በማስተካከያው ላይ እንደ 2.90 ያለው የማርሹ ቁጥር ይነስ። በተቃራኒው ጎማው ሳይሾር ቀስቱ ወድቆ ሞተሩ ካቃሰተ ማርሹ ረዝሟልና ቁጥሩ ይጨመር። የሚፈለገው ጎማው ለአፍታ ብቻ ሸርተት ብሎ ወዲያው መሬቱን የሚነክስበት ቦታ ነው።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንሥራ። መኪናው መስመሩን ያለፈው በመጨረሻው ማርሽ በ6,200 ዙር ላይ ነው እንበል፤ ቀዩ መስመር 7,500፣ ፋይናል ድራይቩ ደግሞ 3.50 ነው። ይህ ማለት ሞተሩ ካለው አቅም ገና ብዙ ቀርቶት ውድድሩ አልቋል። መስመሩን በ7,300 ዙር አካባቢ እንዲያልፍ 3.50ን በ7,300 አባዝተን ለ6,200 እናካፍላለን፤ 4.12 ይመጣል። ነገር ግን ፋይናል ድራይቭ ሁሉንም ማርሽ አብሮ ስለሚያሳጥር በመነሻው ላይ በደንብ ይዞ የነበረው ጎማ እንደገና ይሾራል። ስለዚህ 2.90 የነበረውን አንደኛ ማርሽ በዚያው መጠን ወደ 2.46 ዝቅ እናደርገዋለን፤ አነሣሡ ወደነበረበት ይመለሳል።

ይህ እርምት ሌላም ጥቅም አለው። ሁለተኛ ማርሽ 1.95 ከሆነና በ7,400 ዙር ላይ ከቀየርን፣ በቀድሞው አንደኛ ማርሽ ዙሩ ወደ 4,980 ገደማ ይወድቅ ነበር፤ በአዲሱ ግን ወደ 5,870 ብቻ ይወርዳል። ቱርቦው ኃይሉን የሚሰጠው ከ5,500 ዙር በላይ በሆነ መኪና ላይ ይህ ልዩነት ሞተሩ ተኝቶ በመቅረቱና ሳያቋርጥ በመግፋቱ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ለቀሩት ማርሾችም ስሌቱ ያው ነው፤ ማርሽ የሚቀየርበት ዙር በቀጣዩ ማርሽ ቁጥር ይባዛል፣ ለአሁኑ ይካፈላል። እያንዳንዱ ቅያሬ ግፊት የሚቋረጥባት ቅጽበት ስላለችው፣ መስመሩ ጥቂት ሜትር ሲቀረው የሚቀየር ማርሽ ካለ የቀደመውን በትንሹ አስረዝሞ ቅያሬውን ማስቀረት ይበልጣል።

ሞላና አሞርዛተር የሚስተካከሉት ክብደቱ በመነሻው ላይ ወደሚገፋው ጎማ እንዲሄድ ነው። በኋላ ጎማ በሚነዳ መኪና የፊት አሞርዛተር ሲዘረጋ የሚያሳየው ተቃውሞ ይላላ፤ አፍንጫው ቶሎ ይነሣና ክብደቱ ወደ ኋላ ይጫናል። የኋላው ሞላ ግን መኪናው ቁጭ ብሎ መሬት እስኪነካ ድረስ መላላት የለበትም። በፊት ጎማ ለሚነዳ መኪና ግን አፍንጫው መነሣቱ ጉዳት ስለሆነ የኋላው ይጠንክርለት። የጎማ ዝንባሌን በተመለከተ ቶው (ጎማው ከላይ ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ) ዜሮ ይሁን፤ ካምበር (ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ጎን ማዘንበሉ) መኪናው ኋላው ላይ በተጫነ ጊዜ ጎማው ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲያርፍ ይስተካከል፤ ይህንንም የፎርዛ ቴሌሜትሪ (የመኪናውን መረጃ በቁጥር የሚያሳየው ገጽ) በሩጫው መካከል ያሳያል።

ዲፈረንሻሉ ነዳጅ ሲሰጥ ሙሉ በሙሉ እንዲቆልፍ ወደ 100 በመቶ ይወሰድ፤ ኩርባ ስለሌለ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ቢዞሩ የሚጎዳ ነገር የለም። የአየር ጫና የሚፈጥሩ ክንፎች ወደ ዝቅተኛው ይውረዱ፤ መኪናው በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ከዋዠቀ ብቻ ከኋላው ትንሽ ይመለስለት።

ሙከራው በአንድ መንገድ፣ በደረቅ አስፋልትና በአንድ ዓይነት የአየር ሁኔታ ይደረግ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፤ ከሦስት ሩጫዎችም መካከለኛው ጊዜ ይያዝ፤ ምርጡ የጣት ዕድል ሊሆን ይችላልና። ጌሙ ፍሪሲዮን በእጅ ለመጠቀም የሚፈቅድ ከሆነ ሙከራውን ከመጀመሪያው በዚያው ይጀምሩ፤ በፎርዛ ውስጥ በዚህ መንገድ ማርሹ ከአውቶማቲኩ ፈጥኖ ስለሚገባ በአውቶማቲክ የተገኙት የማርሽ ቁጥሮች በኋላ እንደገና መታየት ይኖርባቸዋል።