ያለ ዳታ የሚሠራ የስልክ ካርታ እንዴት ይዘጋጃል? ከድሬዳዋ ለሚነሱ ሁሉ

ካርታ ለማየት ዳታ መግዛት ግዴታ አይደለም። ብዙ የባጃጅና የአይሱዙ ሹፌር ግን ግዴታ ይመስለዋል። ፓኬጁ ሲያልቅ መንገዱም አብሮ ይጠፋበታል። ድሬዳዋ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ናት፤ ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አገልግሎት የጀመረው እዚሁ ነው፣ ኢትዮ ቴሌኮምም ድሮም አለ። ከተማውን ለቃችሁ በጅቡቲ ድንበር ወዳለችው ደወሌ ስትወርዱ ግን ኔትወርኩ የሚቆራረጥበት ቦታ አለ። ድንበሩን ከተሻገራችሁ ደግሞ ሲሙ የሚቆጥረው በሌላ ዋጋ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። ስልካችሁ ያላችሁበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚመጣ የጂፒኤስ ምልክት ነው። ምልክቱ ነጻ ነው። ዳታ የሚበላው የካርታው ሥዕል ነው። ስለዚህ ሥዕሉን አስቀድሞ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ በቃ።

አንደኛ፣ መተግበሪያ ምረጡ። እኔ ኦርጋኒክ ማፕስን እመርጣለሁ፤ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ለቀላል ስልክም አይከብድም። ኦስማንድም ጥሩ ነው፣ ነጻው እትም ግን የምታወርዱትን የካርታ ብዛት ይገድባል። ሁለቱም የሚጠቀሙት ኦፕን ስትሪት ማፕን ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ አገር የተጀመረና በዓለም ዙሪያ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ካርታ ነው። ጉግል ማፕስም አካባቢ መርጦ ለማውረድ ይፈቅዳል። ግን ያወረዳችሁት ጊዜው ያልፍበታል፣ ያለ ኢንተርኔት ደግሞ ለእግረኛ መንገድ አይመራም።

ሁለተኛ፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ቁጭ ብላችሁ ኢትዮጵያን አውርዱ። ወደ ወደብ የምትወርዱ ጅቡቲንም ጨምሩ። ይህን ደወሌ ኬላ ላይ ተሰልፋችሁ ለመሥራት አትሞክሩ።

ሦስተኛ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ፈትሹት። ዳታውንም ዋይፋዩንም አጥፉና የድሬዳዋን ሰፈሮች ሳቢያንን፣ ከዚራን፣ ቀፊራን ፈልጉ። ከመጡ ጨርሳችኋል። ያለ ዳታ ጂፒኤሱ መጀመሪያ ቦታችሁን ለማግኘት ጥቂት ደቂቃ ሊወስድበት ይችላል። ሰማይ ወደሚታይበት ውጡና ታገሡ፤ ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም።

አራተኛ፣ የራሳችሁን ቦታዎች ምልክት አድርጉ። እኛ አገር አድራሻ ማለት «ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብሎ» ማለት ነው፣ ይህን ደግሞ ካርታው አያውቅም። ጋራዡን፣ መጋዘኑን፣ ማደሪያውን በአማርኛ ስም ሰጥታችሁ አስቀምጡ። በማግስቱ ሌላ ሹፌር ሲተካችሁ ምልክቱን በቴሌግራም መላክ ትችላላችሁ።

አሁን ካርታውን የማታምኑባቸው ቦታዎች። ይህ ክፍል ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል።

ድሬዳዋን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ለምሳሌ ውሰዱ። በበጋ አሸዋ ነው፣ ሰውም መኪናም ያቋርጠዋል። ካርታው ላይ መንገድ ቢታያችሁ እንኳ ክረምት ላይ ዓይናችሁንና የአካባቢውን ሰው እመኑ። ጎርፉ የሚመጣው ከሐረርጌ ደጋ ስለሆነ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ይህን የሚነግራችሁ ካርታ የለም።

ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ስትወጡ መተግበሪያው የሚሰጣችሁን ሰዓት አትመኑ። ከባድ መኪና ፊታችሁ ከገባ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል።

ሐረር ስትደርሱ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ በጁገል ውስጥ የእግረኛ ምርጫውን ተጠቀሙ። አብዛኛው መተላለፊያ ለመኪና አይሆንም፣ ጠባብ በመሆኑም የቦታ ምልክታችሁ ወዲያ ወዲህ ሊዘል ይችላል። ከግንቡ በሮች አንዱን ምልክት አድርጋችሁ ግቡ። ቡዳ በር ሲፈለግ ካልመጣ በድሮ በሪ ብላችሁ ሞክሩ፤ ሸዋ በርን ደግሞ አስማዲን በሪ ብላችሁ።

ጅቡቲ ደርሳችሁ በትንሽ ጀልባ ወደ ሙሻ ደሴት የምትሻገሩ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህን የመንገድ ካርታ ባሕር ላይ አትጠቀሙ። ጥልቀት አያሳይም፣ የኮራል ድንጋዩንም አያሳይም። የባሕር ካርታ ሌላ ሙያ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ናቪዮኒክስ የሚባለው ታዋቂ የጀልባ ካርታ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የጋርሚን ነው፣ የሚሸጠውም በየዓመቱ በሚታደስ ክፍያ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የባሕር ካርታ መሥሪያ ቤት ካርታውን ይሸጣል። አሜሪካ ግን የራሷን የባሕር ክልል ኤሌክትሮኒክ ካርታ ማንም በነጻ እንዲያወርድ ትፈቅዳለች፤ ኦፕን ሲፒኤን በሚባል ነጻ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል። ያ ነጻ ካርታ ጅቡቲን አይሸፍንም።

የባሕርን ወለል በመርከብ መለካት ብዙ ገንዘብ ይበላል፣ ይገባኛል። ግን ትልቁ መርከብና የዓሣ አጥማጁ ጀልባ የሚመቱት ያው አንድ ድንጋይ ነው። በእኔ እምነት በሕዝብ ገንዘብ የተለካ ባሕር ካርታው ለሕዝብ በነጻ መመለስ አለበት። እስከዚያው ግን ባሕሩን የሚያውቅ የአካባቢው ባለጀልባ ሳትይዙ አትውጡ።

የመጨረሻው እርምጃ ካርታውን ማረም ነው። የብስ ላይ ያለው ካርታ ነጻ የሆነው ሰው ስለሚሠራው ነው። ኦርጋኒክ ማፕስ ላይ የተዘጋ ሱቅ፣ የተሳሳተ ስም፣ የጠፋ ጤና ጣቢያ ካያችሁ የማስተካከያውን ምልክት ነክታችሁ ጻፉ። ለመላክ የኦፕን ስትሪት ማፕ አካውንት ያስፈልጋል፣ መክፈቱ በነጻ ነው። በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፣ ከሌላ ካርታ አትቅዱ፤ ክልክል ነው። የሰው መኖሪያ ቤትን በስም አትመዝግቡ። ያረማችሁት ወዲያው አይታይም፤ መተግበሪያው አዲስ እትም ሲያወጣና ካርታውን ድጋሚ ስታወርዱ ይመጣል።